የወንዙ ድርሻ
የይፋት ቆላ ወንዞች ታሪክ፣ በውስጣቸው ያለው ሕይወትና የእኛ ኃላፊነት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ወርዶ ካራቆሬ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ድልድይ ይሻገራል። ሮቢን ያልፋል፤ ጀውሃን ያልፋል፤ አጣዬን ያልፋል። ወቅቱ በጋ ከሆነ ከድልድዩ ሥር የሚያየው ሰፊ የጠጠርና የአሸዋ ሜዳ፣ በመካከሉም እንደ ክር የቀጠነ ውኃ ነው። ወቅቱ ክረምት ከሆነ ደግሞ ያው ወንዝ ድንጋይ እያንከባለለ፣ ግንድ እየነቀለ፣ አፈር ለብሶ ሲወርድ ያያል። መንገደኛው አይቶ ያልፋል። በወንዙ ዳር የምንኖረው ግን አይተን የምናልፈው ነገር አይደለም፤ ሽንኩርታችን፣ ቲማቲማችን፣ ማሾአችን፣ ከብቶቻችንና የልጆቻችን ጤና በዚያ ውኃ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

በዚህ የምሥረታ በዓል መጽሔት ውስጥ ስለ ዩኒየናችን ካፒታል፣ ስለ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አቅርቦት፣ ስለ ምርት ግብይት የሚናገሩ ጽሑፎች እንደሚኖሩ ግልጽ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ በአባልነት ስላልተመዘገበ፣ ዕጣ ስላልገዛ፣ የትርፍ ክፍፍልም ጠይቆ ስለማያውቅ አንድ ባለድርሻ ነው። እሱም ወንዙ ነው። እንደሚታወቀው ከማኅበራችን ሀብት ውስጥ የእሱን ያህል ያዋጣ አባል የለም። ሆኖም ድርሻው ስንት እንደሆነ ተቀምጠን የተነጋገርንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ወንዞቻችን ከየት ተነሥተው ወዴት ይሄዳሉ?

የይፋት ቆላ ወንዞች መነሻቸው ደጋው ነው። የመንዝ፣ የጣርማ በርና የግድም ከፍታዎች ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር አልፈው የቆሙ ሲሆኑ ሸዋ ሮቢት የምትገኘው በ1300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ቁልቁለት ውኃው የሚወርደው በአጭር ርቀት ውስጥ ስለሆነ ጉልበቱ ከባድ ነው። ደጋው በሣርና በዛፍ የተሸፈነ እንደሆነ ዝናቡ ወደ መሬት ሰርጎ በምንጭነት ቀስ እያለ እስከ ግንቦት ድረስ ይወርዳል። ደጋው የተራቆተ እንደሆነ ግን በአንድ ሌሊት ጎርፍ ሆኖ ያልፍና በማግስቱ ጠጠሩ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በሚያዝያ ወር በቦያችን ውስጥ የሚገባው ውኃ ባለፈው ነሐሴ ተራራው ላይ የቀረው ውኃ ነው ማለት ይቻላል።

እነዚህ ወንዞች በየአቅጣጫቸው ወርደው መድረሻቸው አዋሽ ነው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ከሚገኙት ከፍታዎች ተነሥቶ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ዓባይ ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይገባል፤ አዋሽ ግን አገሩን ለቅቆ አይወጣም። ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛው፣ ወደ ወንዛችን የምንጥለው ማንኛውም ነገር የሚወስድልን ባሕር የሌለ መሆኑን ነው፤ ጨውም ሆነ መርዝ፣ አፈርም ሆነ ቆሻሻ በራሳችን ሸለቆ ውስጥ ይከማቻል። ሁለተኛው፣ በአዋሽና በገባሮቹ ውስጥ የሚኖሩ ዓሦች ከሌላ ወንዝ ዓሦች ተለይተው ረጅም ዘመን የኖሩ መሆናቸውን ነው። ከዚህ ከጠፉ ከሌላ ወንዝ ዋኝቶ የሚተካቸው አይኖርም።

የጥንቱ ይፋትና የውኃ ሥርዓቱ

የይፋት ምድር በውኃዋ የታወቀችው ዛሬ አይደለም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አል ዑመሪ የተባለው ዐረብ ጸሐፊ በዘመኑ ስለነበሩት የእስልምና ግዛቶች ሲጽፍ ከሁሉም ሰፊዋ ይፋት እንደነበረች ገልጿል፤ ሸንኮራ አገዳና የፍራፍሬ ዛፎች የሚበቅሉባት አገር መሆኗንም አስፍሯል። ሸንኮራ አገዳ ያለ በቂ ውኃ የሚሆን ተክል አለመሆኑን አርሶ አደሩ ያውቀዋል። ከ1998 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎች በአስበሪ፣ በኖራና በሌሎችም ሥፍራዎች ያጠኗቸው የድንጋይ መስጊዶች፣ መቃብሮችና የከተማ ፍርስራሾች ይህ ሕዝብ በገደሉና በቆላው መካከል ባሉት ሸንተረሮች ላይ ከተማ ቆርቁሮ ይኖር እንደነበር ያስረዳሉ። ቤቱን ከጎርፍና ከወባ ከፍ አድርጎ ከሸንተረሩ ላይ ሠራ፤ ለእርሻው ግን ወደ ውኃው ወረደ። የአርጎባ አርሶ አደሮች እስከ ዛሬ የሚጠብቋቸው የድንጋይ እርከኖችም የዚሁ የቆየ ጥበብ ምስክሮች ናቸው።

በመጋቢት 1834 ዓ.ም. ሚስዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከአንኮበር ተነሥቶ በኤፍራታና በግድም በኩል ወደ ወሎ ሲያልፍ የጉዞ ማስታወሻውን ይጽፍ ነበር። ይህ ማስታወሻ በቀጣዩ ዓመት በለንደን ታትሟል። በዚያ ዘመን በይፋት መንገደኛ የሚጓዘው ከወንዝ ወደ ወንዝ፣ ከገበያ ወደ ገበያ ነበር። ወንዙ የጉዞ መለኪያ፣ የወሰን ምልክት፣ የመንደር ስምም ነበር። ዛሬም ቢሆን አጣዬና ሸዋ ሮቢት ስማቸው ከወንዞቻቸው ጋር የተያያዘ ነው።

በመስኖ አጠቃቀም ረገድ ከአባቶቻችን የወረስነው ትልቁ ተቋም የውኃ አባት ነው። የውኃ አባት በተጠቃሚዎች ይመረጣል፤ ተራ ያወጣል፤ ቦይ የሚጠረግበትን ቀን ይቆርጣል፤ የቀረውን ያስቀጣል፤ በላይኛውና በታችኛው መካከል ጠብ ሲነሣ ያስታርቃል። ጽሕፈት ቤት የለውም፤ ማኅተምም የለውም። ይሁን እንጂ እኛ ዛሬ መተዳደሪያ ደንብ፣ የቁጥጥር ኮሚቴና ጠቅላላ ጉባኤ የምንላቸው ነገሮች ሁሉ በውኃ አባት ሥርዓት ውስጥ ነበሩ። የኅብረት ሥራ ሐሳብ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም የምንለውም ለዚህ ነው።

የጓሳ ትምህርት

ከእኛ በላይ ካለው ደጋ የምንማረው ሌላ ታላቅ ምሳሌ አለ፤ እሱም የመንዝ ጓሳ ነው። ጓሳ ከ3200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ስፋቱ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚደርስ የውርጭ አገር ነው። ጓሳ የሚባለው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት መኖ ያገለግላል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖሩበታል። ለእኛ ለቆለኞቹ የሚበልጠው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህ የሣር ምድር ጉሙንና ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዞ የሚያቆይ በመሆኑ ብዙ ምንጮች ይነሡበታል። ከፊሎቹ ወደ ዓባይ፣ ከፊሎቹ ደግሞ በምሥራቁ ገደል ወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳሉ።

የመንዝ ሰዎች ይህን ምድር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቀው እንዳቆዩት ይነገራል። የአስቦና የጌራ ዘሮች አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር። ሣሩ እስኪያገግም ድረስ ምድሩ ለ3 ወይም ለ5 ዓመት ይዘጋል። በዝግ ጊዜ ያጨደም፣ ያሰማራም ይቀጣል። ጊዜው ሲደርስ በአንድ ቀን ተከፍቶ ሁሉም በደንቡ መሠረት ይጠቀማል፤ ቀጥሎ እንደገና ይዘጋል። ለራሳቸው ከወሰዱት በፊት ለምድሩ የሚተወውን ቆጠሩ ማለት ነው።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የታወጀው አዋጅ ለብዙ ጭሰኛ ፍትሕ እንዳመጣ አይካድም። ነገር ግን ቄሮ በርስት ላይ የተመሠረተ ስለነበር ከርስቱ ጋር ሕጋዊ መሠረቱን አጣ። ሁሉም የእኔ ነው ማለት በጀመረበት ምድር ጠባቂ ጠፋ፤ ሣሩ ታጨደ፤ ቁጥቋጦው ለማገዶ ተነቀለ። ከዓመታት በኋላ የአካባቢው ሕዝብ በአዲስ ደንብና በአዲስ ኮሚቴ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ። ይኸኛው እንደ ድሮው በዘር ሳይሆን በቀበሌ ነዋሪነት የሚሳተፉበት ነው። የአማራ ክልል መንግሥትም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አውቆታል። አሮጌውን ሥርዓት ጉድለቱን ትቶ ጥቅሙን መመለስ እንደሚቻል ከጓሳ የተሻለ ማስረጃ በአቅራቢያችን አይገኝም።

ምድሪቱ የተናወጠችበት ዘመን

የካራቆሬን ስም በዓለም የሳይንስ መጻሕፍት ያስገባው በ1953 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በግንቦት ወር ጀምሮ ለወራት በተከታታይ የዘለቀው ይህ መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል፤ በካራቆሬም ብዙ ቤቶችን ጥሏል። ምድር ተሰነጠቀ፤ ከተራራው የወረደው ናዳም የደሴን መንገድ ክፉኛ ጎዳ። አረጋውያን እስከ ዛሬ ዘመን የሚቆጥሩበት ክስተት ነው።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። አካባቢያችን በስምጥ ሸለቆ ገደል ላይ የተቀመጠ ነው፤ ቁልቁለቱ ልል ነው፤ ድንጋዩም ስብርብር ነው። የተፈጥሮ ናዳ እንኳን ሳይጨመርበት ዛፉ ከተቆረጠና እስከ ገደሉ አፋፍ ከታረሰ አፈሩና ጠጠሩ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ጠጠር የሞላበት ወንዝ ደግሞ ጥልቀት ያጣል፤ ወርዱ ይሰፋል፤ አቅጣጫውንም እየቀየረ የሰው ማሳ ይወስዳል። በወሎ ከኮምቦልቻ አቅራቢያ በሚገኘውና ወደ ቦርከና በሚፈሰው የማይባር ተፋሰስ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ በዝናብ የሚታጠበው አፈር ሲለካ ቆይቷል። ምርምሩ በጽሑፍ ያረጋገጠው አርሶ አደሩ በዓይኑ የሚያየውን ነው፤ ከማሳ የወጣ አፈር ከወንዝ አይመለስም።

የለውጡ ዘመን

በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. በደረሱት ታላላቅ ድርቆች የቀድሞው የይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ሕዝብ ብዙ ተሠቃይቷል። ከዚያ ወዲህ መስኖ የዝናብ እጥረት መድኃኒት ተደርጎ መታየቱ ትክክል ነበር። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ የተዘረጋው መስኖ ብዙ ቤተሰብ ከተረጂነት አውጥቷል። ከ1990ዎቹ ወዲህ የሞተር ፓምፕ በብዛት ሲገባ ቦይ የማይደርስበት ማሳ ሁሉ ለማ። ዩኒየናችን ዛሬ የሚያከብረው በዓል ያለዚህ ልማት የሚታሰብ አይደለም።

ሆኖም እውነቱን እንነጋገር። ቦይ በተራ ይከፈታል፤ ፓምፕ ግን ተራ አያውቅም። የውኃ አባት የሚያዘው ጠለፋውን ነው፤ ከጠለፋው በላይም በታችም በየማሳው የተተከለውን ሞተር የሚያዝ የለም። በዚህ ምክንያት በመጋቢትና በሚያዝያ የላይኛው አባል ሽንኩርቱን ሲያጠጣ የታችኛው አባል ደረቅ ጠጠር ያያል። ሁለቱም ለአንድ ማኅበር ዕጣ የከፈሉ፣ በአንድ ጉባኤ እጃቸውን የሚያወጡ ሰዎች ናቸው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ይባል የለ? የሮቢና የጀውሃ ልጆችም በወንዛቸው ዳር ውኃ የሚጠማቸው ሆነዋል።

ሁለተኛው ችግር መርዝ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ትልና በሽታ ስለሚበዛባቸው ርጭት ይደጋገማል። ይህ ጸሐፊም ከጥፋተኞቹ አንዱ ነበር። የመርጫውን ዕቃ በወንዝ ውኃ ማለቅለቅ፣ ባዶውን ጠርሙስ እዚያው ዳር መጣል እንደ ነውር ሳይቆጥር ዓመታት አሳልፏል። አንድ ቀን ጠዋት ከማሳው በታች ባለው ኩሬ ትንንሽ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ሲንሳፈፉ አይቶ ነው የደነገጠው። ከዚያ ኩሬ በታች ሴቶች በእንስራና በጀሪካን ይቀዱ ነበር።

ውኃ ውስጥ የገባ ነገር ሥራውን የሚሠራው ከታች መሆኑን የሚያስረዳ አንድ የታወቀ የአገራችን ታሪክ አለ። በ1957 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ የብልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኙ። ከዚህ ትዝብት የተነሣው ምርምር እንዶድን በዓለም አሳወቀው። ለበሽታ መከላከል የጠቀመው ይኸው እውነት በሌላ በኩል ማስጠንቀቂያም ነው፤ እንዶድም ሆነ ብርብራ፣ ከሱቅ የገዛነው ኬሚካልም ሆነ የፋብሪካ ፍሳሽ ከላይ ሲገባ ከታች ያለውን ሕይወት ይነካል።

በስተሰሜን ያለው ጎረቤታችን የቦርከና ወንዝ ለዚህ ሌላ ምሳሌ ነው። በኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፍሳሽ የሚቀበሉት ለዮሌና ዎርካ የተባሉ ጅረቶች ከባድ ብረቶች እንደሚገኙባቸው ተመራማሪዎች በጥናት አሳይተዋል። ቦርከና ከዚያ ወርዶ የከሚሴ አካባቢ ወደሆነው የጨፋ ረግረግ ይገባል። ጨፋ በድርቅ ጊዜ የኦሮሞ፣ የአማራ፣ የአርጎባና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው የሚሰባሰቡበት፣ የብዙ አእዋፍ ማረፊያ የሆነ ምድር ነው። ረግረግ ጎርፍን ያበርዳል፤ ደለልን ያስቀራል፤ ውኃን ያጣራል። ከዚህ ረግረግ ከፊሉ እየተጠነፈፈ ለእርሻ ሲውል ከከብት ግጦሹ ጋር ይህ ሁሉ አገልግሎት አብሮ ይቀንሳል።

በውኃው ውስጥ ማን አለ?

ስለ ወንዝ ስንናገር ብዙውን ጊዜ የምናስበው ውኃውን ብቻ ነው። ወንዝ ግን ቤት ነው። በቦርከናና በሚሌ ወንዞች በተደረጉ የዓሣ ጥናቶች አምባዛ፣ ቆሮሶ፣ ባርበስና ጋራ የሚባሉት የዓሣ ወገኖች ተገኝተዋል። ጋራ ከእጅ ጣት ብዙም የማትበልጥ ዓሣ ናት፤ አፏ ከሥር ስለሆነ ድንጋይ ላይ ተጣብቃ ጎርፍ ሳይወስዳት አረንጓዴውን ሽበት እየጋጠች ትኖራለች። ልጆች ሆነን በእጃችን ልንይዛት የሞከርናት እሷን ነው። ከድንጋዩ ሥር የትንንሽ ነፍሳት እጮች፣ ሸርጣንና እንቁራሪት አሉ። በዳርቻው አርጃኖ ይንሸራተታል። ከላይ ዓሣ በል ወፎች ያንዣብባሉ። ዳር ዳሩን አኻያ፣ ዶቅማ፣ ሾላና ዋርካ ይይዙታል፤ ፊላና ሸምበቆ ደለሉን ያግዱታል።

ይህ ሁሉ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። የዛፉ ሥር ዳርቻውን ከመናድ ይይዛል። ጥላው ውኃውን ያቀዘቅዛል። የወደቀው ቅጠል ነፍሳትን ይመግባል፤ ነፍሳቱ ዓሣን፣ ዓሣው ወፍንና ሰውን። ትንንሽ ዓሦች የወባ ትንኝ እጭ ይበላሉ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ በአሰብ ከተማ የአገር ዓሣ በውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ እየተጨመረ እጩን ለመቀነስ ጥናት ተካሂዶ እንደነበር ይታወቃል። ወባ ለሚያጠቃው እንደ እኛ ላለ ቆላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዓሣ ለመራባት መንገድ ይፈልጋል። በዚህ ረገድ የጣና ሐይቅ ታሪክ ለክልላችን ትልቅ ትምህርት ነው። በጣና በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ከ10 በላይ የባርበስ ዝርያዎች ይኖራሉ። ከእነዚህ በርካቶቹ በክረምት ከሐይቁ ወጥተው እንደ ርብና ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ እየዋኙ ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሲስፋፋ ዓሦቹ ለመራባት ሲሄዱ በወንዙ አፍ ላይ መጠመድ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ ብዛታቸው በ75 በመቶ ያህል እንደቀነሰ ጥናት አመልክቷል። ሐይቁ እዚያው ነበር፤ ውኃውም አልደረቀም። የተዘጋው መንገዱ ነው። የእኛም ወንዞች ቢሆኑ በጠለፋ ሙሉ በሙሉ ከተቆረጡና የበጋ ኩሬዎቻቸው በፓምፕ ከተመጠጡ፣ ክረምት ሲመጣ ውኃው ይመለስ ይሆናል፤ ዓሣው ግን ከየት ይመለሳል? በጋውን የሚያሳልፍበት ኩሬ ነው የዘር ጎተራው።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ጨው አልባ ውኃ የሚሸፍነው የምድርን ገጽ ከ1 በመቶ በታች ሲሆን ከሚታወቁት የእንስሳት ዝርያዎች ግን 10 በመቶ ያህሉ በውስጡ ይኖራሉ። በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር መግቢያ ላይ የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ከ23000 በላይ የወንዝና የሐይቅ እንስሳትን መርምሮ ከአራቱ አንዱ የመጥፋት አደጋ እንደተጋረጠበት ገልጿል። በምክንያትነት ከተዘረዘሩት መካከል ብክለት፣ የውኃ መጠለፍና ግድብ፣ የእርሻ መስፋፋትና መጤ ዝርያዎች ይገኙበታል። እነዚህን ቃላት ስናነብ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም።

ሕጉ ምን ይላል? እኛስ ምን እናድርግ?

ሕግ አልጎደለንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን አረጋግጧል። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን፣ ለመጠጥና ለቤት አገልግሎት ቅድሚያ እንደሚሰጥ ይደነግጋል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥተዋል። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ደግሞ የውኃ አባትን ሥራ በዘመናዊ ማኅበር መልክ ለማደራጀት በር ከፍቷል። የጎደለን ሕጉን በየቦያችን አፍ ላይ ማዋል ነው።

የኅብረት ሥራ ሕጋችን ከትርፍ ላይ መጠባበቂያ ሳይቀነስ ክፍፍል እንዳይደረግ ያዛል። ይህን ማንም አባል አይቃወምም፤ መጠባበቂያ የሌለው ማኅበር በመጀመሪያው ክፉ ዓመት እንደሚፈርስ ሁላችንም ስለምናውቅ ነው። እንግዲህ ያንኑ ደንብ ለወንዙ እናውል። በዚህ መሠረት ለውይይት የሚከተሉትን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በበጋ ወራት ከእያንዳንዱ ጠለፋ በታች ሳይቋረጥ የሚያልፍ የውኃ መጠን በጉባኤ ይወሰን። መጠኑን የውኃ አባቶችና የግብርና ባለሙያዎች ተቀምጠው ይተምኑት። የፓምፕ ተጠቃሚውም እንደ ቦይ ተጠቃሚው ተራ ይግባ። ይህ የታችኛውን አባል መብትና የዓሣውን ሕይወት በአንድ ጊዜ ያስጠብቃል።

ሁለተኛ፣ የበጋ ኩሬዎች ይለዩ፤ በጋራ ስምምነትም ውኃ የማይመጠጥባቸው፣ በብርብራም ሆነ በሌላ መርዝ ዓሣ የማይያዝባቸው ይሁኑ። ጓሳ ለሣሩ እንደተዘጋ ለዓሣው ዘር የሚዘጋ ኩሬ ቢኖረን ምን ይጎድለናል?

ሦስተኛ፣ ከወንዙ አፋፍ ጀምሮ የተወሰነ ስፋት ያለው መሬት ከማረሻ ነፃ ሆኖ በአገር በቀል ዛፍና በሣር ይሸፈን። በዘመቻ ከምንተክለው ችግኝ ከፊሉ አኻያ፣ ሾላና ዶቅማ ሆኖ ወደ ወንዝ ዳር ይሂድ። ባሕር ዛፍ ከውኃ ዳር ይራቅ። የአሸዋና የጠጠር ቁፋሮም በተወሰነ ሥፍራና በተወሰነ ወቅት ብቻ ይፈቀድ።

አራተኛ፣ ኬሚካል የምናቀርበው እኛው በማኅበራችን በኩል እንደመሆኑ ባዶውን ዕቃ የምንሰበስበውም እኛው እንሁን። መርጫ የሚታጠበው በማሳ ውስጥ ነው፤ የታጠበበትም ውኃ እዚያው ማሳው ላይ ይረጭ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ልማድ መቀየር ነው።

አምስተኛ፣ ደጋና ቆላ አብረው ይቀመጡ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየበጋው የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ሥራ ብዙ እርከን አሠርቷል። ነገር ግን እርከኑን የሚሠራው የደጋ ሰው፣ ውኃውን የሚያገኘው የቆላ ሰው ስለሆነ ድካሙና ጥቅሙ አልተገናኘም። የቆላው ማኅበር ለደጋው ጥበቃ የሚያዋጣበት መንገድ ቢፈለግ ለሁለቱም ይበጃል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የሰላምም ጉዳይ ነው። ወንዞቻችን የዞንና የክልል ወሰን አያውቁም፤ ከሰሜን ሸዋ ተነሥተው በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ያልፋሉ፣ ወደ አፋር ይወርዳሉ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢዋ በግጭት የደረሰባቸው ጉዳት፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ያመጣው መከራ ገና ከልባችን አልወጣም። ጠብ በነበረበት ሥፍራ ሰዎች ዳግም ለመነጋገር የጋራ አጀንዳ ይፈልጋሉ። ከወንዝ የበለጠ የጋራ ነገር የለንም። ለአገር ሽማግሌዎች፣ ለሃይማኖት አባቶችና ለየወረዳው ኃላፊዎች የምናሳስበውም ይህንኑ ነው።

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ አበው። ወንዝም ሲጠፋ እንደዚሁ ነው፤ በአንድ ቀን አይደርቅም። መጀመሪያ ዓሣው ይቀራል፤ ቀጥሎ ወፉ ይቀራል፤ ከዚያ በሚያዝያ የሚፈሰው በመጋቢት ይቆማል፤ በመጋቢት የሚፈሰው በጥር ይቆማል። በመጨረሻ የሚቀረው ድልድዩ ነው። በሚቀጥለው የምሥረታ በዓላችን የኦዲት ሪፖርት ሲነበብ ከካፒታሉና ከትርፉ ጎን አንድ መስመር ተጨምሮ፣ «በዚህ ዓመት በሚያዝያ ወር ከጠለፋችን በታች ውኃ ሳይቋረጥ አልፏል» የሚል ቢነበብ፣ ዩኒየናችን ለልጆቻችን የሚያወርሰው ነገር አለው ማለት ነው።

መልካም በዓል!